ጀበና ለኮምፒውተር ለምን ይከብዳል?

አሁን አሁን ጽሑፍን ወደ 3ዲ ቅርጽ የሚቀይሩ የሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) መሣሪያዎች በዝተዋል። «ሆዷ ድቡልቡል፣ አንገቷ ረዘም ያለ፣ እጀታና መቅጃ ያላት ጥቁር የሸክላ ጀበና» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ቡናው ሳይፈላ ጀበናዋ ስክሪን ላይ ትመጣለች። ብታዟሯት ታምራለች። ጥላዋም ነጸብራቋም ልክ ነው። ይህን ያየ ሰው «በቃ፣ የካድ ባለሙያ ሥራው አለቀለት» ይላል። ካድ ማለት ዕቃን በኮምፒውተር በልክ መንደፍ ነው።

ቆይ፣ አትቸኩሉ። ለዚያችው ጀበና ሦስት ተራ ጥያቄ እናቅርብላት። የግድግዳዋ ውፍረት በሁሉም ቦታ 4 ሚሊሜትር ይሁን። አንገቷ በ1 ሴንቲሜትር ይጠር። መቅጃዋ ከሆዷ ጋር የሚገናኝበት ጥግ በ6 ሚሊሜትር ራዲየስ ይለስልስ። በካድ ዓለም እነዚህ የጀማሪ ጥያቄዎች ናቸው። ፋብሪካም የሚጠይቀው እነሱኑ ነው። ከጽሑፍ የመጣችው ጀበና ግን አብዛኛውን ጊዜ አንዱንም አትመልስም። ለእሷ ውፍረት የሚባል ነገር የለም። አንገት የሚባል ክፍልም የለም። ያለው በብዙ ሺህ ጥቃቅን ሦስት ማዕዘኖች የተሸፈነ መልክ ነው።

እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው «ጥምዝ ቅርጽ ለኮምፒውተር ስለሚከብድ ነው» ብሎ ያልፈዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ጥምዙ ራሱ ከተፈታ 60 ዓመት አልፎታል። የሚያስቸግረው ሁለት ጥምዝ ገጾች የሚገናኙበት ስፌት ነው። ኤአዩም፣ ሶፍትዌሩም፣ ተማሪውም የሚወድቁት እዚያ ላይ ነው።

ኩርባው እንዴት ተፈታ

ከኮምፒውተር በፊት በኩርባ ዋነኞቹ ባለሙያዎች መርከብ ሠሪዎች ነበሩ። ሰፊ አዳራሽ ወለል ላይ ቀጭን፣ ተጣጣፊ የእንጨት ዘንግ ይዘረጋሉ። በየቦታው የእርሳስ ክብደት እየጫኑ ያቆሙታል። እንጨቱ በክብደቶቹ መካከል በራሱ ጊዜ ለስላሳውን መንገድ ይይዛል። ዘንጉ ስፕላይን ይባል ነበር። ስሙም እስከ ዛሬ በካድ ሜኑ ላይ አለ።

ይህን ወደ ቁጥር የቀየሩት የመኪና ፋብሪካዎች ናቸው። በዚያ ዘመን የመኪና ቦዲ የሚጀምረው ከእጅ ሞዴል ነበር። ሞዴሉን ለክተው ሥዕል ይሠራሉ፣ ከሥዕሉ ፎርማ ያወጣሉ። በየደረጃው ትንሽ ትንሽ ስህተት ይገባል። በቁጥር የሚታዘዙ መቁረጫ ማሽኖች ሲመጡ ደግሞ ነገሩ ባሰ። ማሽን «በግምት እንዲህ አድርገህ ጠምዝዘው» የሚል ትእዛዝ አይሰማም።

ሲትሮኤን የቀጠረው ፖል ደ ካስተልዦ የሚባል የሒሳብ ሰው በ1959 መልሱን አገኘ። ኩባንያው ግን ምስጢር አድርጎ ያዘው። በተቀናቃኙ ሬኖ ደግሞ ፒየር ቤዚየ የተባለ መሐንዲስ በ1960ዎቹ ለብቻው እዚያው ደረሰ። እሱ ሥራውን አሳተመ። ስለዚህ ዓለም ኩርባውን የሚጠራው በቤዚየ ስም ነው። ለደ ካስተልዦ የቀረለት የማስሊያው ዘዴ ስም ነው። ቀድሞ ላገኘ ሰው ትንሽ ያሳዝናል።

ዘዴው በወረቀትና በእርሳስ ይሠራል፣ ሞክሩት። አራት ነጥብ አስቀምጡ። በተከታታይ በሦስት ቀጥታ መስመር አገናኟቸው። የሦስቱን መስመሮች መሐል ያዙና እነዚያን በሁለት መስመር አገናኙ። የሁለቱን መሐል ያዙና በአንድ መስመር አገናኙ። የዚያች የመጨረሻ መስመር መሐል ኩርባው ላይ ያለች ነጥብ ናት። ከመሐል ይልቅ ሩቡ ላይ ወይም ሲሶው ላይ ብትይዙ ሌላ ነጥብ ታገኛላችሁ። ሁሉንም ስትደረድሩ ለስላሳ ኩርባ ይወጣል። ከመጀመሪያዋ ነጥብ ይነሣል፣ በመጨረሻዋ ያርፋል። መሐል ያሉትን ሁለቱን አይነካቸውም፣ ወደ እነሱ ይሳባል እንጂ። ንድፍ አውጪው አንዷን ነጥብ በማውስ ሲጎትት ኩርባው ይከተላል። ሒሳቡን ማወቅ አይጠበቅበትም።

ከኩርባ ወደ ገጽ መሄድ ቀላል ነው። አራቱን ነጥብ በአራት ረድፍ 16 ታደርጋላችሁ። ነጥቦቹ ወደ ላይና ወደ ታች ሲጎተቱ ገጹ እንደ ጨርቅ ያብጣል፣ ይሰረጉዳል።

አንድ እንከን ነበረው። የቤዚየ ኩርባ ክብን በትክክል መሥራት አይችልም። በአራት ነጥብ የተሠራ ጥሩ ሩብ ክብ እንኳን 0.027 በመቶ ያህል ይስታል። 100 ሚሊሜትር ራዲየስ ላይ 0.027 ሚሊሜትር ማለት ነው። ለጀበና ምንም አይደለም። ለኩሽኔታ መቀመጫ ግን ብዙ ነው። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ነጥብ ክብደት መስጠት ሆነ። ክብደቱ ሲጨምር ኩርባው ወደዚያ ነጥብ ይበልጥ ይሳባል። ክብደቶቹ በትክክል ከተመረጡ ክቡ ያለ አንዳች ስህተት ይወጣል። ኬን ቨርስፕሪል በ1975 በሲራኪውዝ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ሥራው ይህን ከስፕላይን ጋር አዋሐደው። ውጤቱ ዛሬ ነርብስ የሚባለው ነው። ቦይንግ በየክፍሉ የተለያየ የኩርባ ሒሳብ ይዞ ሲቸገር ነበርና በ1981 ነርብስን ለኢንዱስትሪው የጋራ ፋይል ደረጃ አቀረበ። ከዚያ ወዲያ ቀጥታ መስመርም፣ ክብም፣ የአውሮፕላን አፍንጫም በአንድ ዓይነት ሒሳብ መጻፍ ተቻለ። በ1994 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ቦይንግ 777፣ የእኛም አየር መንገድ የሚያበርረው ማለት ነው፣ ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር የተነደፈው በዚህ ዓለም ውስጥ ነው። ሶፍትዌሩ የፈረንሳዩ ካቲያ ነበር።

ሻይ የማትይዘዋ ማንቆርቆሪያ

ማርቲን ኒወል በ1975 በዩታ ዩኒቨርሲቲ የቤታቸውን የሻይ ማንቆርቆሪያ በቤዚየ ገጾች ነደፈ። የፈጀችበት 28 ቁራጭ ገጽ ብቻ ነው። ይህችን ማንቆርቆሪያ የኮምፒውተር ግራፊክስ የተማረ ሁሉ ያውቃታል። አዲስ የብርሃን ወይም የጥላ ዘዴ ሲፈጠር የሚሞከረው በእሷ ላይ ነበር።

ጠጋ ብላችሁ ስታዩዋት ግን ጉድ ናት። የመጀመሪያዋ ቂጥ አልነበራትም። በኋላ አራት ቁራጭ ተጨምሮላት 32 ሆነች። ግድግዳዋ ውፍረት የለውም። መቅጃዋና እጀታዋ ከሆዷ ጋር አልተሰፉም። ዝም ብለው ሆዷ ውስጥ ገብተው ቆመዋል። ለሥዕል ይህ ይበቃል፣ ካሜራ የሚያየው ውጩን ነው። ዛሬ ከጽሑፍ የሚወለዱት ጀበናዎችም በባሕርይ የእሷ ዘመዶች ናቸው። የተሠሩት ለዐይን ነው።

ድፍን አካል ሌላ ነገር ነው። ኮምፒውተር አንድን ዕቃ ድፍን ብሎ ለመቀበል አንድ ጥያቄ በእርግጠኝነት መመለስ አለበት። ይህች ነጥብ ውስጥ ናት ወይስ ውጭ? ይህን ከመለሰ ክብደት ያሰላል። ሁለት ዕቃዎች ይጋጩ እንደሆነ ይናገራል። አንዱን ከሌላው ቀንሶ ቀዳዳ ይበሳል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኢያን ብሬድ ይህን በተግባር ካሳዩት ሰዎች አንዱ ነው። መንገዱ አካሉን በድንበሩ መመዝገብ ነው። የትኞቹ ገጾች አሉ፣ በየትኛው ጠርዝ ይገናኛሉ፣ ጠርዞቹ በየትኛው ማዕዘን ያልቃሉ። ሕጉ ጥብቅ ነው። እያንዳንዱ ጠርዝ የሁለት ገጾች ድንበር መሆን አለበት። አንድ ጠርዝ ጎረቤት ካጣ አካሉ ያፈስሳል። ከዚያው ከካምብሪጅ ቡድን በኋላ ፓራሶሊድ የሚባለው ሞተር፣ ማለትም የካድ ሶፍትዌር የቅርጽ ስሌቱን የሚሠራበት ክፍል፣ ወጣ። ዛሬ ሶሊድወርክስ፣ ኤንኤክስና ኦንሼፕ በሚባሉት የካድ ሶፍትዌሮች ሆድ ውስጥ የሚሠራው እሱ ነው።

ምዝገባው ትክክል መሆኑን የምናይበት የቆየ ቀመር አለ፣ የኦይለር። ሳጥን 8 ማዕዘን፣ 12 ጠርዝ፣ 6 ገጽ አላት። ከ8 ላይ 12 ቀንሳችሁ 6 ስትደምሩ 2 ይመጣል። ሳጥኗን እንደፈለጋችሁ ብትቆራርጧት፣ ሙሉ ለሙሉ የሚያሳልፍ ቀዳዳ እስካልበሳችሁባት ድረስ መልሱ 2 ነው። አሳላፊ ቀዳዳ በተጨመረ ቁጥር በ2 ይወርዳል። ጀበናችን ሁለት አሳላፊ ቀዳዳ አላት። አንዱ ጣት የሚገባበት የእጀታዋ ቀዳዳ ነው። ሌላው በአንገቷ ገብቶ፣ በሆዷ አልፎ፣ በመቅጃዋ የሚወጣው ነው። ስለዚህ ገጾቿ ቀዳዳ በሌላቸው ቁራጮች ከተከፋፈሉ የጀበና ልክ -2 ነው። ከኤአይ የመጣችው ጀበና 0 ካመጣች አንዱ ቀዳዳ የለም ማለት ነው። ምናልባት መቅጃው ውስጡ ድፍን ነው፣ ቡና አይወርድም። በዐይን ስትታይ ይህን ማወቅ አትችሉም። እኔ የዚህን ቀመር ያህል ርካሽ የጥራት ፈተና አላውቅም።

324

አሁን ወደ ስፌቱ። ሁለት ጠፍጣፋ ገጾች ሲቋረጡ ቀጥታ መስመር ይሠራሉ። ሲሊንደርን በጠፍጣፋ ብትቆርጡት ክብ ወይም ሞላላ ይወጣል። እነዚህን ኮምፒውተር በአጭር ቀመር በትክክል ይጽፋቸዋል። የቶርኖ ሥራ ዕቃዎችና የሳጥን ቅርጾች በካድ ውስጥ ያለ ኮሽታ የሚሠሩት ለዚህ ነው።

ጥምዝ ገጾች ላይ ስንደርስ ጉዳዩ ይለወጣል። አንድ ባለ 16 ነጥብ ገጽ ወደ ተራ የአልጀብራ እኩልታ ቢቀየር ዲግሪው እስከ 18 ይደርሳል። ሁለት እንዲህ ያሉ ገጾች ሲቋረጡ የሚሠሩት መስመር ዲግሪ ደግሞ 18 ጊዜ 18 ነው፣ 324። ሁለተኛ ደረጃ እያለ ባለ ሁለት ዲግሪ እኩልታ ያስጨነቀው ሰው ይህን ቁጥር ደግሞ ያንብበው። መቅጃውና ሆዱ፣ ለየብቻቸው በ16 ነጥብ የሚጻፉ ለስላሳ ገጾች፣ ሲነካኩ የሚወልዱት ይህን ጭራቅ ነው።

ስለዚህ የካድ ሶፍትዌሮች እውነተኛውን መስመር አይዙትም። በመገናኛው ላይ ነጥብ በነጥብ ይሄዳሉ። ከዚያ በነጥቦቹ መሐል ቀለል ያለ ኩርባ ያሳልፋሉ። ኩርባው ለሁለቱም ገጾች በጣም ይቀርባል፣ ግን በትክክል በአንዳቸውም ላይ አይተኛም። ማለትም ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ማንኛውም ከጥምዝ ገጽ የተሰፋ አካል ስፌቱ ላይ ፀጉር የማያስገባ ክፍተት አለው። ሶፍትዌሩ የሚያልፈው በስምምነት ነው። ፓራሶሊድ በመደበኛ ሁኔታ ርቀታቸው ከአንድ መቶ ሺኛ ሚሊሜትር ያነሰ ነጥቦችን እንደ አንድ ይቆጥራል። ስፌቱ እዚያ ድረስ ካልተጠጋ ደግሞ ለዚያ ጠርዝ ብቻ ሰፋ ያለ ገደብ ይሰጠዋል።

ሌላው ሶፍትዌር የራሱ ገደብ አለው። ጣጣው የሚመጣው ከዚህ ነው። ንድፉ የካድ ሶፍትዌሮች በሚለዋወጡበት የጋራ ፋይል፣ በስቴፕ፣ ሲሻገር ለአንዱ «ተዘግቷል» የነበረው ስፌት ለሌላው «ክፍት ነው» ይሆናል። ድፍን ሆና የተላከች ጀበና ቁርጥራጭ ገጽ ሆና ትደርሳለች። በዚህ ሙያ ያለ ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። የተቀደደ ስፌት ሲጠግን ያመሸበት ቀን ትዝ ይለዋል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ግን ሥራው አይገባውም። «ፋይሉ እኮ ይከፈታል፣ ምኑ ነው የተበላሸው?» ይላል አለቃው።

ነጸብራቅ ሐሜተኛ ነው

ስፌቱ ቢዘጋም ሌላ ጥያቄ አለ። ምን ያህል ለስላሳ ነው? ባለሙያዎች በደረጃ ይለዩታል። ጂ0 ማለት ገጾቹ ይነካካሉ፣ ግን ጥግ አላቸው። ጂ1 ማለት ጥግ የለም፣ በመገናኛው ላይ አቅጣጫቸው አንድ ነው። ጂ2 ማለት የጉብጠታቸው መጠን ጭምር እኩል ነው። ጂ1ን ከጂ2 በጣት መለየት ያስቸግራል። በብርሃን ግን ይለያያሉ።

ይህን የተጋጨ መኪና የሚጠግን ባቲላሜራ ያለ ምንም ካልኩለስ ያውቀዋል። ስቱኮው ተሞርዶ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ጎንበስ ብሎ በበሩ ላይ የመብራቱን ነጸብራቅ ያያል። ነጸብራቁ ከተበጠሰ መገናኛው ጂ0 ነው። ሳይበጠስ ግን ድንገት ከታጠፈ ጂ1 ነው። እንደ ውኃ ከፈሰሰ ጂ2 ደርሷል። ካድ ውስጥ ያለው የሜዳ አህያ ፈተና የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ጥቁርና ነጭ መስመሮችን ገጹ ላይ ያንጸባርቃል።

ካድ ውስጥ ጥግን የምናለሰልስበት ፊሌት የሚባለው ትእዛዝ የሚሠራው በምናብ ኳስ ነው። ራዲየሷ 6 ሚሊሜትር የሆነች ኳስ መቅጃውንም ሆዱንም እየነካች በጥጉ ዙሪያ ትንከባለላለች። የነካችበት መሐል ያለው ቦታ በኳሷ ቅርጽ ይሞላል። ቆንጆ ሐሳብ ነው። ግን የሚሰጠው ጂ1 ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ጉብጠቱ ከሆዱ ልክ ወደ ኳሷ ልክ በአንድ ጊዜ ይዘልላል። ለሸክላ ዕቃ ማን ያየዋል? ለሚያብለጨልጭ የመኪና በር ግን አይሆንም። የመኪና ቦዲ ባለሙያዎች መገናኛውን በፊሌት ትተውት የማይሄዱት፣ የመሸጋገሪያ ገጹን ራሳቸው የሚሠሩት ለዚህ ነው።

እሺ፣ ጀበናዋን እንሥራት

ሆድና አንገት ከአንድ ኩርባ ይወጣሉ። የጎኗን ቅርጽ ሥሉና በመሐል መስመሯ ዙሪያ አዙሩት። እዚህ ላይ የጀማሪ ትልቁ በሽታ ነጥብ ማብዛት ነው። ኩርባው እንዲገጥምለት 20 ነጥብ ይተክላል። ውጤቱ የሚንቀጠቀጥ መስመር ነው። በስክሪን አይታይም፣ ነጸብራቅ ሲወርድበት ግን ገሃድ ይወጣል። ለሆድና ለአንገት አምስት ወይም ስድስት መቆጣጠሪያ ነጥብ ይበቃል። ካልበቃ ኩርባውን ለሁለት ክፈሉት። የጉብጠት ማበጠሪያ የሚባለውን ማሳያ አብሩት። በኩርባው ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የሚቆሙት መስመሮች ርዝመታቸው በእርጋታ ሲጨምርና ሲቀንስ ጥሩ ነው።

መቅጃውን በመንገዱ ላይ እየጠበበ በሚሄድ ክብ ሥሩት። ሥሩ ሆዱ ውስጥ በደንብ ጠልቆ ይግባ። ጫፉ ላይ «ልክ እስከሚነካ» ብሎ መተው የስፌት ችግር መጥሪያ ነው። ደግሞ ማዕዘኑ ሰፋ ይበል። መቅጃው ሆዱን እየዳበሰ በቀጭን ማዕዘን ከገባ ሁለቱ ገጾች ለረጅም ርቀት ሊገጣጠሙ ምንም አይቀራቸውም። ያኔ ጥቂት ማይክሮን ስህተት የመገናኛውን መስመር በብዙ ሚሊሜትር ሊያንሸራትተው ይችላል። ሶፍትዌሩም መስመሩን ይስታል። ፊሌት እምቢ ሲል ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከፊሌቱ ሳይሆን ከዚህ ነው።

ቀጥሎ ቅደም ተከተሉ። ሆድና መቅጃ ይዋሐዱ፣ ፊሌቱ ይሠራ፣ ከዚያ ውስጡ ሼል በሚባለው የመቦርቦሪያ ትእዛዝ ይቦርቦር። እጀታው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሼል ከእጀታው በኋላ ከመጣ እጀታው ውስጡ ባዶ ይሆናል፣ ቡናም እዚያ ገብቶ ይቀመጣል። እዚህ ላይ የሚወድቅ ተማሪ ቁጥሩ ቀላል አይመስለኝም፣ ምክንያቱም ከውጭ ምንም አይታይም።

ሼል ራሱ የሚወድቅበት ምክንያት አለ። 4 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ መግባት ማለት እያንዳንዱን ገጽ 4 ሚሊሜትር ማንቀሳቀስ ነው። የመቅጃው ጫፍ ራዲየስ 7 ከሆነ ውስጡ 3 ይሆናል፣ ጥሩ። 3.5 ከሆነ ግን ገጹ መሐሉን አልፎ ራሱን ያቋርጣል። ሶፍትዌሩ ይህን አስተካክሎ አይነግራችሁም። የሚመጣው «ትእዛዙ አልተከናወነም» ዓይነት ደረቅ መልስ ነው። በዚህን ጊዜ ውፍረቱን በ0.1 እየቀነሱ ደጋግሞ መሞከር ጊዜ ማባከን ነው። የገጹን ትንሹን ራዲየስ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፣ ከግድግዳው ውፍረት ጋር አነጻጽሩ። መልሱ እዚያ ነው።

ፊሌቱ ጨርሶ እምቢ ካለ፣ ለምሳሌ መቅጃው ለአንገቱ በጣም ቀርቦ ኳሷ ሦስተኛ ገጽ ከነካች፣ ባለሙያ ከትእዛዙ ጋር አይሟገትም። በጥጉ ዙሪያ ያለውን ቆርጦ ይጥላል። ክፍተቱን ባለ አራት ጎን በሆኑ ገጾች ራሱ ይሞላዋል፣ በየጎኑ ጂ2 እየጠየቀ። ጊዜ ይወስዳል። ግን ሰው ለካድ ባለሙያ የሚከፍለው ዋጋ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሌሎች መንገዶች

ስፌቱን ከነጭራሹ ለማስቀረት የሞከሩ አሉ። ኤድዊን ካትመልና ጂም ክላርክ በ1978 ያሳተሙት ዘዴ ከሸካራ ቅርጽ ተነሥቶ እየከፋፈለ ያለሰልሳል። የአኒሜሽን ፊልም ሠሪው ፒክሳር ከ1997 ጀምሮ ለገጸ ባሕርያቱ ተጠቅሞበታል። አንድ ወጥ ገጽ ስለሆነ መቅጃው ከሆዱ ይበቅላል፣ ስፌት የለም። ነገር ግን አራት መስመር በማይገናኝባቸው ነጥቦች ላይ ልስላሴው ከጂ2 ይወርዳል። ትክክለኛ ክብም አይሰጥም። ለፊልም ግድ የለም። ቶማስ ሴደርበርግና ባልደረቦቹ በ2003 ያቀረቡት ቲ-ስፕላይን የነርብስንና የዚህን ዘዴ ጥቅም ለማገናኘት የሞከረ ነው። የካድ ሶፍትዌር ኩባንያው አውቶዴስክ በ2011 ገዛው። ፊውዥን በሚባለው ሶፍትዌሩ ውስጥ ቅርጽን እንደ ጭቃ የሚያቦኩበት ክፍል የመጣው ከዚያ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ገጽን ጨርሶ አይጽፍም። ለእያንዳንዱ ነጥብ ከአካሉ ያለውን ርቀት የሚናገር ፈንክሽን ይይዛል። ቁጥሩ ኔጋቲቭ ከሆነ ነጥቧ ውስጥ ናት። ሁለት አካል ማዋሐድ ማለት ከሁለት ቁጥር ትንሹን መምረጥ ብቻ ነው። 324 የለ፣ የሚከፈት ስፌት የለ። በ3ዲ ፕሪንተር የሚወጡ የማር እንጀራ መሰል ውስብስብ ዕቃዎች በዚህ ይነደፋሉ። ጉዳቱ «ይህ ጠርዝ»፣ «ያ ገጽ» ብሎ መጥራት አለመቻሉ ነው። ሞልድ (ፎርማ) ሠሪው የሚፈልገው ደግሞ እሱን ነው።

ኤአዩ የቆመው የት ነው

ሁለት ዓይነት መሣሪያ አለ፣ ሰው ግን ይደባልቃቸዋል። አንደኛው በቀጥታ ሜሽ፣ ማለትም በጥቃቅን ሦስት ማዕዘኖች የተሸፈነ መልክ፣ ያወጣል። ያ የማንቆርቆሪያዋ ዘመድ ነው። ሁለተኛው የካድ ትእዛዞችን ቅደም ተከተል ወይም ኮድ ይጽፋል፣ ቅርጹን የሚሠራው ነባሩ ሞተር ነው። እኔ ተስፋ የማደርገው በሁለተኛው ነው። ከእሱ አንገቷን በ1 ሴንቲሜትር ማሳጠር ማለት አንድ ቁጥር መቀየር ነው።

ነገር ግን ምን እንደተማረ እንይ። በ2021 የወጣውና ብዙ ጥናቶች የተመሠረቱበት ዲፕካድ የተባለው ስብስብ ከ170 ሺህ በላይ ሞዴሎች አሉት። ሁሉም የተሠሩት በሁለት ትእዛዝ ነው። ጠፍጣፋ ሥዕል ሥሎ ወደ ላይ መሳብ። ማዞር የለም፣ በመንገድ ላይ መጎተት የለም፣ ፊሌት የለም። ከዚህ የተማረ ማሽን ቅንፍና ሳጥን ጎበዝ ቢሆን አይገርምም። ጀበና ግን ከማስተማሪያው ውስጥ አልነበረችም።

ቋንቋ ሞዴሎች ኮድ ሲጽፉ የተሻለ ይራመዳሉ። ሆዱን ያዞራሉ፣ መቅጃውን ይጎትታሉ፣ ያዋሕዷቸዋል። ከዚያ ፊሌት ላይ ያ ደረቅ መልስ ይመጣል። ማሽኑ ራዲየሱን ይቀንሳል፣ እንደገና ይወድቃል፣ በመጨረሻ ፊሌቱን አውጥቶ «ተጠናቋል» ይላል። መቅጃው ሆዱን በቀጭን ማዕዘን እንደዳበሰው አላየም። እዚህ የሚጎድለው የቋንቋ ችሎታ አይደለም። ከሞተሩ የሚመለሰው መረጃ ነው። ሞተሩ የት ቦታ፣ በየትኛው ጠርዝ፣ በስንት ሚሊሜትር እንዳልቻለ ቢናገር ኤአዩም ተማሪውም ይማሩ ነበር። ይህን ያህል ዓመት የቆየ ሶፍትዌር ዛሬም ያለ ምክንያት «አልቻልኩም» ማለቱ ያናድደኛል።

ለአንድ ጊዜ በ3ዲ ፕሪንተር አትማችሁ መደርደሪያ ላይ ለምታስቀምጧት ጀበና ሜሹ ይበቃል፣ ቀዳዳ እንዳይኖረው ብቻ አረጋግጡ። ሞልድ ለማሠራት ወይም ነገ ልኳን ለመቀየር ከፈለጋችሁ ግን መሣሪያውን ከመግዛታችሁ በፊት ስቴፕ ፋይል ይሰጥ እንደሆነ ጠይቁ። ፋይሉን ነጻ በሆነው ፍሪካድ ክፈቱት። «ድፍን» ይላል ወይስ «ሼል» (እዚህ ላይ ባዶ ገጽ ብቻ ማለት ነው)? የሸክላዋን ይዘት በሚሊ ሊትር ማስላት ይችላል? ከዚያ በመቅጃዋ ሥር ያለውን ጠርዝ ምረጡና 6 ሚሊሜትር ፊሌት እዘዙ።